የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተራራ ብስክሌት በኩዩና ቀይ አፈር ላይ

ባለፈው እትማችን በሰሜን ሚኒሶታ፣ በክሮስቢ ከተማ ዙሪያ ስለሚገኙት የኩዩና የተራራ ብስክሌት መንገዶች አጭር ጽሑፍ ማውጣታችን ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ከሚኒያፖሊስ፣ ከሴንት ፖል፣ ከሮቸስተርና ከሌሎችም ከተሞች በርካታ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች በግዛቲቱ ለዓመታት የኖሩ፣ ነገር ግን በሥራ ብዛት ከከተማ ርቀው ደኑንና ሐይቁን ለማየት ያልታደሉ ወገኖቻችን ናቸው። ጥያቄዎቹ የተግባር ጥያቄዎች በመሆናቸው መልሶቹንም በዚያው ልክ ለመስጠት ሞክረናል።

ጥያቄ፦ በሚኒያፖሊስ የምኖር የሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ነኝ። በከተማው ሐይቆች ዙሪያ አስፋልት ላይ ብስክሌት እነዳለሁ። አሁን ወደ ክሮስቢ ሄጄ ደን ውስጥ መንዳት ፈልጌአለሁ። ይሁን እንጂ ተራራ በሌለበት ግዛት የተራራ ብስክሌት እንዴት እንደሚነዳ አልገባኝም። ምን ዓይነት ብስክሌትስ ልግዛ? በዚያች ትንሽ ከተማ ውስጥ ጥቁር ሰው ብቻዬን ስታይ ምን ይሉኝ ይሆን የሚለው ሐሳብም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ኋላ ይጎትተኛል።

መልስ፦ ተራራ የለም ያሉት ትክክል ነው፤ በክሮስቢ ያሉት ኮረብቶች አብዛኞቹ ሰው የሠራቸው ናቸው። ከተማዋ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን፣ በ169 አውራ ጎዳና ሚል ላክስ የተባለውን ሰፊ ሐይቅ አልፈው ከሁለት ሰዓት በላይ ከነዱ በኋላ የምትገኝ ሲሆን፣ ነዋሪዎቿ ከ2,500 አይበልጡም። አካባቢው ኦጂብዌ የተባሉት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ካይለር አዳምስ የተባለ ሰው የኮምፓሱ መርፌ ያለ ምክንያት ከሰሜን ሲያፈነግጥ አይቶ ከመሬቱ በታች ብረት መኖሩን ጠረጠረ፤ ጥርጣሬውም ልክ ነበር። ኩዩና የሚለው ስም የመጣው ከካይለር የመጀመሪያ ፊደላትና ዩና ከምትባለው ውሻው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የመጀመሪያው ማዕድን ከአካባቢው ተጫነ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜም፣ ማዕድኑ ብረትን የሚያጠነክረውን ማንጋኒዝ አብሮ የያዘ ስለነበር፣ እጅግ ተፈላጊ ሆነ።

ማዕድኑ የወጣው በአብዛኛው ሰፋፊ ጉድጓዶች ተቆፍረው ነው። ከላይ የተነሣው አፈርና ድንጋይ በጉድጓዶቹ ዳር ዳር እየተቆለለ ኮረብታ አከለ። ሥራው እየቀዘቀዘ መጥቶ ማዕድን ማውጫዎቹ ሲዘጉና ውኃ መሳቢያዎቹ ሲቆሙ፣ ጉድጓዶቹ በከርሰ ምድር ውኃና በዝናብ ተሞልተው ወለላቸው የማይታይ ጥልቅና ጥርት ያሉ ሐይቆች ሆኑ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፖርትስማውዝ ከ400 ጫማ በላይ ጥልቀት አለው። ቁልሎቹ ላይ ደግሞ በርችና አስፐን የተባሉ ዛፎች በቀሉ። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ቦታውን የመዝናኛ ሥፍራ አድርጋ ከለለችው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝሙት የመጀመሪያዎቹ የብስክሌት መንገዶች ተከፈቱ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ከእጥፍ በላይ አድጓል። ስለዚህ እዚያ ሲነዱ አንድ ረጅም ዳገት ወጥተው አንድ ረጅም ቁልቁለት አይወርዱም። አጫጭር አቀበትና ቁልቁለት እየተፈራረቁ፣ በአንድ በኩል የዛፍ ግንድ፣ በሌላው በኩል ከታች አረንጓዴ ሰማያዊ ውኃ እያዩ በጠባብ መንገድ ይጠማዘዛሉ። አፈሩ ከብረቱ የተነሣ እንደ ዝገት የቀላ ስለሆነ ነጭ ካልሲ ለብሰው አይሂዱ፤ ቀለሙ በእጥበት አይለቅም።

ወደ ብስክሌቱ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ምክራችን አሁኑኑ አይግዙ የሚል ነው። በከተማዋ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። አንድ ቀን ከፊት ብቻ ሾክ (ንጥረትን የሚያበርድ ምንጭ) ባለው፣ ሌላ ቀን ከፊትም ከኋላም ሾክ ባለው ነድተው ልዩነቱን በራስዎ ጉልበትና ወገብ ይለኩት። በእኛ አስተያየት ለጀማሪ ከፊት ብቻ ሾክ ያለው፣ 29 ኢንች ጎማና የዘይት ፍሬን የተገጠመለት ብስክሌት ይበቃል። በዋጋም ከሌላው ይረክሳል፣ ጥገናውም ይቀላል። ኮርቻውን መሪው ላይ ባለ ቁልፍ ዝቅና ከፍ የሚያደርግ ዘንግ ካለው ደግሞ ገንዘብዎን አያባክኑም፤ ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ከሥርዎ ዞር ሲል ፍርሃትዎ በግማሽ ይቀንሳል። ከትልልቅ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች የሚሸጡት በመልካቸው የተራራ ብስክሌት የሚመስሉ ርካሽ ብስክሌቶች ግን ለዚህ መንገድ የተሠሩ አይደሉምና ይራቋቸው።

የጎማ ንፋስ ነገር ከአስፋልት የመጣን ሰው ሁሉ የሚያሳስት ነው። በከተማ 50 እና 60 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የለመደ ሰው ያንኑ ይዞ ደን ሲገባ ጎማው በየሥሩና በየድንጋዩ ላይ እየነጠረ መሪውን ከእጁ ይነጥቀዋል። ክብደትዎ 75 ኪሎ ግራም አካባቢ፣ ጎማዎም 2.4 ኢንች ስፋት ያለውና ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራ ከሆነ ከ22 እስከ 26 ፒኤስአይ ይበቃል፤ የውስጥ ጎማ ካለው ትንሽ ይጨምሩ። ሲነዱም ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ላይ አይቀመጡ። ሁለቱን ፔዳሎች አግድም አስተካክለው ይቁሙ፣ ጉልበትዎንና ክርንዎን ላላ አድርገው ያጥፉ፣ ክብደትዎን በእግርዎ ላይ ያሳርፉ። ኩርባ ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ከመግባትዎ በፊት ፍሬን ይያዙ። ዓይንዎን የሚፈሩት ድንጋይ ላይ ሳይሆን መሄድ በሚፈልጉበት አቅጣጫ ያሳርፉ፤ ብስክሌት ዓይን ወዳረፈበት መሄዱ አይቀርም። ምልክቶቹ አረንጓዴ ለቀላል፣ ሰማያዊ ለመካከለኛ፣ ጥቁር ለከባድ ናቸውና ለመጀመሪያው ቀን ከአረንጓዴው ፈቀቅ አይበሉ።

ስለ መጨረሻው ጥያቄዎ በግልጽ እንነጋገር። ስጋትዎ የርስዎ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ውስጥ በአንድም በሌላም መልክ ተጽፎ አግኝተነዋል። ክሮስቢ ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል ነጭ የሆነ ከተማ ናት፤ ይህን መደበቅ ለማንም አይጠቅምም። ሆኖም መሬቱ የሕዝብ ነው፣ እርስዎም ግብር የሚከፍሉበት የግዛቲቱ ሀብት ነው፤ እዚያ ለመገኘት የማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም። ከተማዋን የገነቧትም ከፊንላንድ፣ ከስዊድን፣ ከስሎቬኒያ፣ ከክሮኤሺያና ከጣሊያን እንጀራ ፍለጋ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ከክሮስቢ በስተሰሜን በሚገኘው በሚልፎርድ ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1924 አጠገቡ ያለው የረግረግ ውኃ ሰብሮ ሲገባ 41 ማዕድን ቆፋሪዎች ሞተዋል፤ በሕይወት የወጡት ሰባት ብቻ ነበሩ። ክሊንተን ሃሪስ የተባለው ሠራተኛ ማምለጥ ሲችል ለጓደኞቹ የማስጠንቀቂያውን ደወል እየደወለ እዚያው ቀርቷል። ቦታው ዛሬ የመታሰቢያ ሥፍራ ነው፤ ብስክሌትዎን አቁመው ስሞቹን ቢያነቧቸው የስደተኛ ስሞች መሆናቸውን ያያሉ። ለመጀመሪያው ጉዞ ግን ሰው በሚበዛበት በቅዳሜ ወይም በእሑድ፣ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞች ጋር ይሂዱ፤ የት እንደሚነዱና መቼ እንደሚመለሱም ለቤተሰብ ይንገሩ። ይህ ለማንኛውም ደን ለሚገባ ሰው የሚሰጥ ምክር ነው፤ ለርስዎ ግን ልብዎንም ያሳርፍልዎታል።

ጥያቄ፦ በብሩክሊን ፓርክ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የዘጠነኛ ክፍል ልጄ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ያሉበት የተራራ ብስክሌት ቡድን ውስጥ ካልገባሁ ብላ አስቸገረችኝ። አባቷ ትወድቃለች ብሎ ይሰጋል፤ እኔ ደግሞ ወጪው ያሳስበኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ትግባ እንላለን። በግዛቲቱ ይህን ውድድር የሚያካሂደው ሚኒሶታ ሳይክሊንግ አሶሲዬሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ልምምዱ በበጋ አጋማሽ ይጀመራል፤ ውድድሮቹም በኦገስት ማብቂያና በመኸር ወራት ይካሄዳሉ። ከቅርጫት ኳስና ከእግር ኳስ የሚለይበት ትልቁ ነገር ተቀያሪ ወንበር የሚባል አለመኖሩ ነው፤ የተመዘገበ ልጅ ሁሉ፣ ፈጣኑም ዘገምተኛውም፣ መነሻው መስመር ላይ ይቆማል። ውድድር የማትወድ ልጅም ለልምምዱ ብቻ መሄድ ትችላለች። ሴት ልጆች አብረው የሚነዱበት የተለየ ፕሮግራምም አለ። በየቡድኑ አሠልጣኞች በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ወላጆች ስለሆኑ፣ አባቷ የሚሰጋ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት እርሱም አብሮ መሄዱ ነው።

ስለ መውደቅ፦ ትወድቃለች። ብዙው ውድቀት ጭረትና ሰንበር ነው፤ ከበድ ሲል የእጅ አንጓና የአንገት አጥንት ስብራት ያጋጥማል። ሙሉ ጣት የሚሸፍን ጓንትና የጉልበት መከላከያ ይግዙላት። ሄልሜቱ ከቅንድቧ በላይ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሹሩባ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ጸጉሯ አናቷ ላይ መቋጠር የለበትም፤ ሄልሜቱ በቋጠሮው ላይ ተንጠልጥሎ ግንባሯ ይጋለጣል። ጠፍጠፍ ያለ ሹሩባ ወደ ኋላ ወርዶ ከማጅራቷ ዝቅ ብሎ ቢታሰር ይመረጣል፤ ሄልሜቱንም ሲገዙ ተሠርታ ትለካው። አንድ ጊዜ ተጋጭቶ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ይጣል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ምዝገባውንም ብስክሌቱንም የሚያግዙ ቡድኖች አሉና አሠልጣኙን በግልጽ ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ልመና እንዳይመስልዎት፤ እርዳታው የተዘጋጀው ለሚጠይቅ ቤተሰብ ነው።

ጥያቄ፦ በጁን ከክሮስቢ ስመለስ ከጉልበቴ ጀርባ መዥገር ተጣብቆ አገኘሁ። እናቴ በስልክ ላምባ ቀባው አለችኝ። ላይም የሚባለውን በሽታ ስለሰማሁ ተጨንቄአለሁ። (ከሴንት ፖል)

መልስ፦ ላምባውን ይተዉት፤ ቅቤውንም፣ የክብሪቱን እሳትም እንዲሁ። መዥገሩ ሲጨነቅ የሆዱን ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል። ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ፣ ከአፉ ሥር ይያዙት፤ ሳይጠመዝዙ በእርጋታ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡት። ቦታውን በአልኮልና በሳሙና ይጠቡ፤ ቀኑን ይጻፉ።

ክሮስቢ ያለችበት የክሮ ዊንግ አውራጃ የላይም በሽታ በብዛት ከሚታይባቸው የግዛቲቱ ክፍሎች አንዱ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ጥቁር እግር ያለው የአጋዘን መዥገር ሲሆን፣ በተለይ ከሜይ እስከ ጁላይ የሚወጣው ያልጎለመሰው መዥገር ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። መዥገሩ በአብዛኛው በሽታውን ለማስተላለፍ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ካገኙት ብዙ አይስጉ። ከአንድ ቀን በላይ ቆይቷል ብለው ከጠረጠሩ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ያነጋግሩ፤ መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝልዎ ይችላል።

አሁን የምንለውን ግን ለቤተሰብ ሁሉ ያንብቡት። በየመጽሔቱ የሚታየው ቀይ ቀለበት የመሰለ ሽፍታ የነጭ ቆዳ ፎቶግራፍ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ሽፍታው ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም የተመታ ቦታ መስሎ ይታያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይስተዋል ያልፋል። በዚህ ምክንያት በሽታው ዘግይቶ የሚታወቅባቸው ጥቁር ሕሙማን አሉ። ከሦስት ቀን እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ድካም፣ ራስ ምታት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከተሰማዎት፣ ቆዳዎ ላይ ምንም ባይታይም ለሐኪሙ «በሰሜን ሚኒሶታ ደን ውስጥ ነበርኩ» ብለው ይናገሩ። ሐኪሙ ካልጠየቀዎ እርስዎ ቀድመው ይንገሩት።

ለወደፊቱ ልብስዎ ላይ ፐርሜትሪን፣ ገላዎ ላይ ዲት ያለበት መከላከያ ይጠቀሙ፤ ፐርሜትሪኑ ለልብስ እንጂ ለገላ አይደለም። ቤት እንደገቡ ልብሱን ከማጠብዎ በፊት ለአሥር ደቂቃ በከፍተኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ ያስገቡት፤ ሙቀቱ መዥገሩን ይገድለዋል። ከዚያ ብብትን፣ ብሽሽትን፣ የጆሮ ጀርባን፣ የራስ ቆዳንና የጉልበት ጀርባን አንድ በአንድ ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ የፍልሰታን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። በዚያ ሳምንት ጓደኞቼ ለሁለት ቀን ወደ ክሮስቢ እንሂድ ይላሉ። ይቻለኛል?

መልስ፦ ስለ ጾሙ ሥርዓት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ስለ ብስክሌቱ ግን መልሱ ይቻላል ነው። በኦገስት አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ከጾምዎ በኋላ በልተውና ውኃ ጠጥተው ለመንዳት በቂ ብርሃን አለ። ቀን ጓደኞችዎ ሲነዱ እርስዎ በሐይቁ ዳር በእግር ይንሸራሸሩ። ለመንገድ የሚያዝ የጾም ምግብ ደግሞ እኛ አላጣንም፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በውኃ የተበጠበጠ በሶ። በሶ ላይ ትንሽ ጨውና ስኳር ቢጨምሩበት በላብ የወጣውንም ይተካል። በሱቅ ከሚሸጠው የስፖርተኛ ምግብ አስበልጠን እንመርጠዋለን።

ጥያቄ፦ ክረምቱ እስኪያልፍ ብስክሌቴን ሰቅዬ ስድስት ወር ቤት መዋል ሰልችቶኛል። በበረዶ ላይ የሚነዱ ሰዎችን አይቻለሁ። ጣቶቼ ግን በቀላሉ ይደነዝዛሉ። (ከሴንት ክላውድ)

መልስ፦ ለበረዶ የሚሆነው አራት ኢንችና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጎማ የተገጠመለት ፋት ባይክ ነው። በኩዩና በጎ ፈቃደኞች በረዶውን በማሽን እየደመደሙ መንገዱን ያዘጋጁታል። የጎማው ንፋስ ከ10 ፒኤስአይ በታች፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ይወርዳል። ጎማዎ ከአንድ ኢንች የጠለቀ ቦይ እየተወ ከሄደ በረዶው ገና አልጠነከረምና ይውረዱ፤ ያ ቦይ በሌሊት ድንጋይ ሆኖ ይቀዘቅዝና ለሳምንት የሰው መንገድ ያበላሻል። በማርችና በኤፕሪል በረዶው ሲቀልጥ መንገዱ ይዘጋል፤ በዚያ ወቅት መከልከሉን አክብረው ቤትዎ ይቆዩ።

ስለ ጣቶችዎ፦ መሪው ላይ ታስረው እጅን እስከ አንጓ የሚውጡ ወፍራም የእጅ ከረጢቶች ይሸጣሉ። በእነርሱ ውስጥ ስስ ጓንት ብቻ አድርገው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ መንዳት ይቻላል፤ ፍሬንም ሆነ ማርሽ ለመንካት እጅዎን ማውጣት አያስፈልግዎትም። ጫማዎ ከሁለት ካልሲ ጋር የማይጠብብዎ ይሁን፤ የተጣበበ እግር ደም አይደርሰውም። ገላዎ ላይ ጥጥ አይልበሱ፤ ላብ ይይዝና ቆም ሲሉ ያቀዘቅዝዎታል። ስስ ሱፍ ከሥር፣ ንፋስ የሚከላከል ከላይ ይበቃል። ከቤት ሲወጡ ትንሽ ሊበርድዎ ይገባል፤ ሲነሡ የሞቀው ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ በላብ ይጠመቃል።

ጣት፣ ጆሮ ወይም ጉንጭ መደንዘዝ ሲጀምር አይናቁት። በጠይም ቆዳ ላይ በውርጭ የተጎዳው ቦታ አመድማ ወይም ሰም የተቀባ መስሎ ይታያል። በበረዶም ሆነ በእጅ አይሹት። ወደ ቤት ገብተው ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ውስጥ ያቆዩት፤ ስሜቱ ካልተመለሰ ወደ ሐኪም ይሂዱ። መልሶ ሊቀዘቅዝ የሚችል ከሆነ ግን ደን ውስጥ እያሉ ለማሞቅ አይሞክሩ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀን እንለምንዎታለን፦ በማዕድን ጉድጓዶቹ ሐይቆች በረዶ ላይ አይንዱ። ጥልቅ ውኃ ዘግይቶና ወጣ ገባ ሆኖ ነው የሚረጋው። የግዛቲቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ እንኳ ቢያንስ አራት ኢንች ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል ይላል፤ ይህን ሳይለካ የሚያውቅ ሰው የለም።

ጥያቄ፦ በኖቬምበር ልጄን ይዤ ልነዳ አስቤአለሁ። አዳኞች እንዳሉ ሰምቼ ፈራሁ።

መልስ፦ በሚኒሶታ የአጋዘን የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በኖቬምበር የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ ነው። እነዚያን ሳምንታት ቢያሳልፉ ይሻላል። ካልሆነ ግን እርስዎም ልጅዎም ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያና የራስ ልብስ አድርጉ፤ ቡናማና ነጭ ልብስ አታድርጉ። ወይም ክሮስቢን ከአጎራባች መንደሮች ጋር በሚያገናኘው የአስፋልት የብስክሌት መንገድ ላይ ይንዱ።

ጥያቄ፦ ወሎ ተወልጄ ያደግሁ፣ በወጣትነቴ በእርከን ሥራ ዘመቻ የተሳተፍኩ፣ አሁን በሮቸስተር በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። ልጆቼ ወደ ኩዩና ወስደውኝ ነበር። ይህ ሁሉ ጎማ በየቀኑ ሲሄድበት አፈሩ በጎርፍ አይታጠብም ወይ? ጉልበቴ ለመንዳት ባይፈቅድልኝም ለመሥራት ግን አልደከምኩም።

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጥ ያስደሰተን የርስዎ ነው፤ ምክንያቱም የመንገዱን ትልቅ ጠላት ለይተው አውቀዋል። የብስክሌት መንገድን የሚገድለው ከጎማው ይልቅ ውኃ ነው። ጎማ አፈሩን ይደለድላል፤ ውኃ በመደልደያው ውስጥ ቦይ አግኝቶ መፍሰስ ከጀመረ ግን በአንድ የዝናብ ወቅት መንገዱን ፈረፈር ያደርገዋል።

ስለዚህ ሠሪዎቹ መንገዱን ቁልቁለቱን ተከትለው ቀጥ አድርገው አያወርዱትም። እርስዎ እርከን ሲሠሩ እንደሚያደርጉት የኮረብታውን ወገብ አግድም ይዘው፣ ተዳፋቱን ቆርጠው ጠባብ ደረጃ ያወጣሉ። ከዚህ በኋላ ግን ሥራው ከእርከን ይለያል። እርከን ውኃውን አስቁሞ ወደ መሬት እንዲሰርግ ያደርጋል፤ የብስክሌት መንገድ ደግሞ ውኃው ሳይቆም አቋርጦት እንዲወርድ ነው የሚሠራው። በመሆኑም የደረጃው ወለል ወደ ቁልቁለቱ በኩል አምስት በመቶ ያህል ዘንበል ይላል፤ ቆመው ሲያዩት እምብዛም አይታወቅም፣ ጠብታ ውኃ ግን ያውቀዋል። መንገዱ በአማካይ ከአሥር በመቶ በላይ እንዳይወጣ፣ ከኮረብታውም ተዳፋት ግማሽ በላይ እንዳይሾል ይጠነቀቃሉ፤ ከዚያ ካለፈ ውኃው ኮረብታውን ትቶ መንገዱን ይከተላል። በየጥቂቱ ርቀትም መንገዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ ይላል። ነጂው ይህን እንደ ጨዋታ ያየዋል፤ ዓላማው ግን ተሰብስቦ የመጣውን ውኃ እዚያ ዝቅታ ላይ ወደ ውጭ ማስወጣት ነው። ልጆችዎ ሲነዱ ያዩት ከፍ ዝቅ ማለት አብዛኛው የጎርፍ መከላከያ ነው።

የኩዩና አፈር በዚህ ረገድ የታደለ ነው። የማዕድን ድንጋይ ፍርፋሪ ስላለበት ውኃ ቶሎ ያሳልፋል፤ ሌላ ቦታ ለሁለት ቀን የሚያስዘጋ ዝናብ እዚህ ቶሎ ይደርቃል። ይሁንና ጊዜ ሲያልፍ ጎማው አፈሩን ወደ ውጨኛው ጠርዝ እየገፋ ትንሽ ድንበር ይፈጥራል፤ ያ ድንበር ውኃውን መንገዱ ውስጥ ያስቀረዋል። የጥገናው ዋና ሥራ ይህን ድንበር በመቆፈሪያ አንሥቶ ወለሉን መልሶ ማዘንበል፣ በመኸርም ቅጠሉ ዝቅታዎቹን እንዳይደፍን መጥረግ ነው። ይህ ደግሞ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው የሚሠሩት ሥራ ነው።

ሥራውን ከግዛቲቱ መሥሪያ ቤት ጋር ሆነው የሚያከናውኑት የኩዩና ሌክስ ማውንቴን ባይክ ክሩ የተባለው የአካባቢው ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ለመሳተፍ ብስክሌት ነጂ መሆን አይጠበቅብዎትም። እንዲያውም የሚነዱ ብዙ፣ የሚቆፍሩ ጥቂት ስለሆኑ ተዳፋት አይቶ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ደስታቸው ነው። የሥራ ቀኖቹን አስቀድመው በክሮስቢ ከሚገኙት የብስክሌት ሱቆች ይጠይቁ። ሲሄዱ ረጅም ሱሪ፣ ጠንካራ ጫማና የሥራ ጓንት ያድርጉ፤ ውኃና ምሳ ይያዙ። መቆፈሪያውንና አካፋውን እዚያ ይሰጡዎታል።